ያልበላሁትን ስንዴ በላህ ያለችኝ ሴት

ሦስት ወር ሙሉ ያልበላሁትን የእርዳታ ስንዴ በልተሃል ተባልኩ። ያለችኝ ወይዘሪት ሂሩት ናት። በልጆቼ ፊት፣ በጎረቤቶቼ ፊት ሌባ ተባልኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አሁን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ደግ ደጉን ብቻ ስለሚያወራ ነው።

መሞቷን የነገረኝ ገበየሁ ነው፤ ያኔ የእርዳታውን የጭነት መኪና ይነዳ የነበረው። መናኸሪያ አጠገብ አገኘኝና፣ “ይማም፣ ሂሩት አረፈች እኮ። አዲስ አበባ ነው፤ ታማ ነበር አሉ” አለኝ።

“ነፍሷን ይማር” አልኩ። ካልኩ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ስንት ዓመት ስሟን በደህና አንስቼ አላውቅም ነበር።

የመጣችው በሰባ ሰባት ኅዳር ላይ ነው። ያ ዓመት ምን እንደነበር ለወሎ ሰው አልተርክም። እኔ ከሚስቴ ከዘሀራና ከሦስት ልጆቼ ጋር ከገጠር ወጥቼ መካነ ሰላም ከተማ ዳር ሰፍሬ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደልና ቁጥር የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቁጥር ያነባል ተብሎ የእርዳታው መጋዘን ዘበኛ አደረጉኝ። ደሞዝ የለውም። እንደማንኛውም ተረጂ ካርድ ነበረኝ፤ ቁጥሩ 212። ዘበኝነቱ ያተረፈልኝ አንድ ዱላና ከቆርቆሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው።

ሂሩት ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች ልጅ ነበረች። ሱሪ ለብሳለች። ሱሪ የለበሰች ሴት አላየንም ማለቴ አይደለም፤ የዘመቻ ልጆችም ለብሰው መጥተው ነበር። እነሱንም አላመንናቸውም። ከመኪናው ስትወርድ የልብስ ስፌት መኪና የምታክል ሻንጣ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ልቀበልሽ ብላት እምቢ አለች። ይኸው የሚደበቅ ነገር አለ አልኩ በልቤ።

“ምንድን ናት?” አልኳት።

“ኮምፒውተር ናት ጋሽ ይማም። የስም ዝርዝር ትይዛለች።”

የስም ዝርዝር የሚይዝ ነገር በዚያ ዘመን ማን ይወዳል? የሰፈራ ዝርዝር አለ፤ የወታደር ዝርዝር አለ፤ ተፈላጊ የሚባል ዝርዝር አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ እርስዎ ትለኛለች። ይህንንም ጠረጠርኩት። የተማረ ሰው እኔን እርስዎ የሚለኝ አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

አንድ ልማድ ነበራት። ማንም ሰው አንድ ነገር ላድርግ ሲላት፣ “የአሁን ነው የኋላ?” ትላለች። አሁን ስትል በጣቷ የግራ መዳፏን ትመታለች፤ የኋላ ስትል አውራ ጣቷን ወደ ትከሻዋ ታሻግራለች። ገበየሁ ጎማ ልፍታ ሲል የአሁን ነው የኋላ። ለእርዳታው ሠራተኞች ወጥ የሚሠሩት እማማ ብሬ ሽሮውን ላውጣው ሲሉ የአሁን ነው የኋላ። እማማ ብሬ አንድ ቀን ተናደው፣ “ልጄ፣ ሽሮ ያው ሽሮ ነው፤ ወይ ትበያለሽ ወይ ይቀዘቅዛል” አሏት። ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሥራዋ ይህ ነው። ለማሽኗ ትእዛዝ ትጽፍላታለች። ማሽኗ ግን ትእዛዙን ወደ ራሷ ቋንቋ ካልተረጎመችው አትሠራበትም፤ መተርጎሙ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ሕዝቡ ተሰልፎ ማሽኗ እስክትተረጉም ቢጠብቅ የጄነሬተሩ ቤንዚን ያልቃል። ቤንዚን ደግሞ ከስንዴው በላይ ብርቅ ነበር። ስለዚህ እደላው ማክሰኞ ከሆነ ሰኞ ቀድማ ታስተረጉምና የተተረጎመውን ዲስክ ላይ ታኖረዋለች። ማክሰኞ የሚቀራት የሰውን ቁጥር መምታት ብቻ ነው። ቁጥርህ አጠገብ ዜሮ ካለ አልተቀበልክም ማለት ነው፤ ይሰፈርልህና ዜሮው አንድ ይሆናል። አንድ ካለ በልተሃል፣ ዞር በል ነው። በየወሩ አስቀድማ ሁሉንም ወደ ዜሮ ትመልሳለች። ለአንድ ራስ የሚሰፈረው ግን መኪናው ባመጣው መጠን ስለሚለዋወጥ፣ አዲሱን ልክ ጽፋ በየወሩ እንደገና ታስተረጉማለች።

በታኅሣሥ ደህና ወሰድኩ። ከዚያ እደላ በኋላ አንድ ቀን፣ “ጋሽ ይማም፣ ካርድዎን ያውሱኝ፤ ልሞክርበት” አለችኝ።

“ምን ልትሞክሪበት?”

“ማሽኗ አንዱን ሰው ተቀብሏል ስትል አሳስታ እንዳትመዘግብ።”

“ለምን በሊቀመንበሩ አትሞክሪም?”

“እርስዎ በር ላይ ነዎት። እሳቸውን የት አገኛቸዋለሁ?”

ሰጠኋት። ቁጥሬን አይታ መለሰችልኝ። ያቺ ቀን ባትፈጠር።

ጥር ላይ ተሰልፌ ደረስኩ። ቁጥሬን መታች፤ ቀና ብላ አየችኝ።

“ተቀብለዋል ጋሽ ይማም።”

“ማን? እኔ?”

“212 ተቀብሏል ይላል። ካርድዎን ለማን ሰጥተው ነው?”

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። አንዱ፣ “ዘበኛ አይደል፣ ቀድሞ ቀምሶ ነው” አለ። ሳቁ። ካርዴን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት፤ ለማንም አልሰጠሁም፣ ወላሂ አልኳት። ፕሮግራሙን አየዋለሁ አለችኝ። በማግስቱ የምር አየችው። በሌላ ቁጥር ሞከረች፣ የእኔንም ወደ ዜሮ መልሳ ሞከረች፤ ስትሰፍር ብቻ አንድ ይሆናል፤ ንጹሕ ነው። “ምንም አላገኘሁበትም” አለችኝ። አይታኝ ሳይሆን ግድግዳውን አይታ ነው የተናገረችው። እንደማታምነኝ ያኔ ገባኝ። እኔም አላመንኳትም። የእኔን ስንዴ ማን እንደሚበላው ለማወቅ ማታ ምን እንደምትበላ እስከማየት ደረስኩ። ሽሮ ነው የምትበላው። ሽሮውንም ጠረጠርኩት።

የካቲትም እንደዚያው ሆነ። ጎረቤት ባይኖር ኖሮ ምን እንደምንሆን አላህ ነው የሚያውቀው። የመጋዘኑን ጥርጊያ፣ ከጆንያ ሥር የፈሰሰውን አቧራ ለበስ ስንዴ እንድወስድ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ያንን በነጠላ ቋጥሬ እሄዳለሁ። ይህ ደግሞ ይብሱን ጎዳኝ። ሲሰርቅ አየነው አሉ።

ዘሀራ ራሷ፣ “እውነቱን ንገረኝ፣ ለማን ነው የምትሰጠው?” አለችኝ።

“ለማንም።”

“ታዲያ ወረቀቱ በላ የሚለው ለምንድን ነው? ወረቀት ከአንተ ጋር ምን ጠብ አለው?”

“እንጃ። ያቺን ሴት ጠይቂያት።”

“የትኛዋን ሴት?” አለችኝ። ነገሩን ወዴት እንደወሰደችው ያን ጊዜ ተረዳሁ። በሳምንቱ ትንሿን ልጅ አዝላ ወንድሞቿ ዘንድ፣ ወደ ደጎሎ በእግሯ ሄደች። ሁለቱ ትልልቆች እኔ ዘንድ ቀሩ። ልጂቱ መንገድ ላይ ታማ ተርፋለች፤ አንድ ጆሮዋ ግን እስከ ዛሬ አይሰማም። ሂሩት ደግ ነበረች ሲሉኝ ያ ጆሮ ነው ትዝ የሚለኝ።

በመጋቢት ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ከሰልፉ አንደኛ ሆንኩ። ከእኔ በፊት ማንም አልተሰፈረለትም። ቁጥሬን መታች።

አንድ።

እሷም ደነገጠች። “እንዴት ይሆናል?” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ግን አልተቸገረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ሁሌ ለሁሉ ነገር መልስ አለው።

“ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓዶች። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? በይማም። ስንዴውን አስቀድሞ ያወጣል። እንዳይታወቅበት ማሽኑን ነካክቶ ተቀብያለሁ ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ደግሞ መጥቶ ያለቅሳል።”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የእሷን ሻንጣ እንዴት እንደሚከፍቱ እንኳ አላውቅም” አልኩ።

“መሠረተ ትምህርት ተምረህ የለ?”

ሂሩትን አየኋት። አይችልም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቆይታ፣ “ማሽኗ ካለችበት ክፍል በር ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው” አለች። ይህን ብቻ። ውሸት አይደለም፤ በር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ግን ለሊቀመንበሩ በቃው። በሚያዝያው እደላ ሕዝብ ፊት ካርዴ እንዲቀደድና ስሜ ሰፈራ ከሚሄዱት ጋር እንዲገባ ተወሰነ። ሰፈራ ማለት ሁለቱን ልጆች ይዤ በመኪና ወደማላውቀው ቆላ መጫን ማለት ነው። ዘሀራ ስትመለስ አታገኘንም።

ቁልፉንና ካርዴን ተቀበሉኝ። በር ላይ መቀመጡን ግን የከለከለኝ የለም፤ ሌላ የሚቀመጥ ሰው አልነበረማ።

ሚያዝያ ላይ፣ እደላው ነገ ሊሆን ሰኞ ረፋድ ላይ ሄድኩና ከበሩ ላይ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ፣ ከአጠገቧ ቆምኩ።

“ምን ፈለጉ?”

“እጅሽን ላይ።”

“ምን?”

“እጅሽን አያለሁ አልኩሽ። ስትጽፊ፣ ስታስተረጉሚ፣ ሁሉን አያለሁ። አስቀድመሽ ግን ቁጥሬን አሳዪኝ።”

ውጪ ውጣ ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። 212ን መታች። በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ የፈረንጁን ፊደል ባላነብም ቁጥር አነባለሁ። ዜሮ።

“እሺ። አሁን ሥራሽን ሥሪ።”

የወሩን ልክ ጻፈች። መተርጎም አስጀመረች። እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። እኔ ከእጇ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ጄነሬተሩ ያንባርቃል፣ ሻንጣዋ ውስጧ ይንጫጫል። ሲያልቅ፣ “አሁን ደግሞ አሳዪኝ” አልኳት።

መታች። አንድ።

“አየሁሽ” አልኳት። ይዣታለሁ ብዬ ነው። እጇን እንዳላነሳች እያወቅሁ፣ ግን ሌላ ማን አለ?

እንደገና ዜሮ አደረገችው። እንደገና አስተረጎመች። አንድ። ሦስተኛ አደረገችው። አንድ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ፊቷን በመዳፏ ያዘች። ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሽ ይማም፣ ይጽፋሉ አይደል? ደብዳቤ ላስጽፍዎት እንበል። ‘በሩን ዝጋ ብለህ ጻፍ’ ብልዎት ምን ያደርጋሉ?”

“እጽፋለሁ።”

“ተነስተው በሩን አይዘጉም?”

“እብድ ነኝ?”

“ይህቺ ዘጋችው። በታኅሣሥ በካርድዎ ስሞክር አንድ መስመር ጽፌ ነበር፤ 212 ተቀብሏል በይ የሚል፤ ሳላጠፋው ቀረ። ትእዛዙ ሲፈጸም የሚሠራ መስሎኝ ነው። የጻፍኩበት ቦታ ግን እየተረጎመች ሳለ እዚያው ወዲያው የምታደርገው ቦታ ነው። ባስተረጎምኳት ቁጥር ተነስታ በሩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ደብዳቤውን ታሽጋለች። ደብዳቤው ውስጥ ደግሞ ስለ በሩ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ሦስት ወር ደብዳቤውን ነው ሳነብ የኖርኩት።”

ገባኝ። እሷ የአሁን ነው የኋላ እያለች አገሩን ሁሉ ስታደርቅ የገዛ መስመሯን አልጠየቀችም። ለኋላ ያለችው ነገር አሁን ሆኖ ቤቴን አፈረሰው። ንዴት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ፤ ሌባ ፍለጋ ሦስት ወር ስዞር ሌባ የሚባል አልነበረም። ይህ ደግሞ ከሌባ ይብሳል። ሌባ ቢሆን ይደበደባል።

“መስመሩን አጠፋዋለሁ” አለች። “ነገ ዜሮ ሆኖ ያገኙታል። የሦስቱን ወር አስፈቅጄ አሰጥዎታለሁ። ለጓድ ደምሴም ተስተካክሏል እላቸዋለሁ።”

“ምኑ ነው የተስተካከለው?”

“ካርድዎ።”

“ካርዴን ማን ጠየቀሽ? ሌባ የተባልኩት ሰው ፊት ነው። የሚነገረውም ሰው ፊት ነው።”

ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ጋሽ ይማም፣ የእርዳታ እህል ሦስት ወር ከተረጂ አፍ ነጠቅሁ ብዬ ሕዝብ ፊት ብናገር ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ስህተት አይሉትም። አሻጥር ነው የሚሉት። በአሻጥር የገባ ሰው አውቃለሁ፤ አልወጣም።”

“እኔንስ ምን አሉኝ?” አልኳት። “ሚስቴ ምን ብላ ሄደች?”

ስወጣ አብሽሪ አላልኳትም፤ ያን የሚያሰኝ አንጀት አልነበረኝም። ሌሊቱን ትጠፋለች፣ ገበየሁ ወደ ደሴ ይዟት ይሄዳል ብዬ ጠረጠርኩ። ጠዋት መኪናው መቆሙን ሄጄ አይቻለሁ።

አልጠፋችም። ማክሰኞ ሕዝቡ መጋዘኑ ግቢ ሞልቶ፣ ጓድ ደምሴ ካርዴን በሁለት ጣቱ ይዞ ስለ ሌብነት ሲናገር፣ ሻንጣዋን አቅፋ ወጣች። ጄነሬተሩን ገበየሁ በገመድ እየጎተተ አመጣው። ጆንያ ደራርባ ሻንጣዋን ላዩ ላይ አኖረች።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ከመቅደድዎ በፊት ይቺን ይዩልኝ። 212 ላይ ምን ይላል?”

“ዜሮ።”

“ጮክ ብለው።”

“ዜሮ ነው አልኩ እኮ።”

“መስመሩን አላጠፋሁትም። ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን ማሽኗ ትእዛዙን ትተረጉማለች። አንድም ሰው ስንዴ አልወሰደም። ጋሽ ይማምም እዚያ ቆመዋል። እኔም አልነካትም።” ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ያ ሁሉ ሰው ሻንጣ ሲጠብቅ ቆመ። ከጄነሬተሩ በቀር የሚሰማ የለም። ከፊት የቆሙት ሼህ አሊ ለጎረቤታቸው ለመሪጌታ፣ “ለዚህች ነገር ዱዓ ማድረግ ሳያስፈልግ አይቀርም” አሉ። መሪጌታም፣ “አንቱ ዱዓውን ያድርጉ፣ እኔ ጠበሉን አመጣለሁ፤ የደረሰላት ያድናታል” አሉ። የሳቀው ጥቂት ሰው ነው።

“አሁንስ ጓድ ሊቀመንበር?”

ጎንበስ አለ። “አንድ” አለ።

ከሕዝቡ ውስጥ ያጉረመረመው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጓድ ደምሴ ፊቱ ተቀያይሮ፣ “እንግዲያው አሻጥረኛው ማሽኑ ነው ማለት ነው” አለ። መውጫ ሰጣት። ይህን ዛሬም እመሰክርለታለሁ፤ በዚያ በኩል ብትወጣ ማንም አይነካትም ነበር።

“አይደለም” አለች። “ማሽኗ ያልታዘዘችውን አላደረገችም። ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጋቢት በር ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ያንንም ስል ፈርቼ ነው።” ወደ እኔ አልዞረችም። መዳፏን በጣቷ ስትመታ ግን አየኋት፤ ለራሷ ነው።

በኋላ ደሴ ጠርተው ሁለት ሳምንት መርምረው ለቀቋት። ሻንጣዋ መካነ ሰላም አልተመለሰችም፤ እሷም አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ወር የተሰፈረልን በእጅ በተጻፈ ወረቀት ነው፤ አዝግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመን።

ያን ማክሰኞ ግን፣ እሷ ገና ሳትሄድ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ጻፈና ፈርም ብሎ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ ስንዴውን እያየ ነው፤ ቶሎ በል ይሉኛል። ጊዜ ይፍጅ አልኩና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። “ተረጂ ይማም የፈጸመው ጥፋት በማኅበሩ ምሕረት ተደርጎለት” ይላል።

“አልፈርምም” አልኩ።

“ለምን? ምሕረት ተደረገልህ እኮ” አለ ጓድ ደምሴ።

“ምን አድርጌ?”

“ያው አንድ ነው። ስንዴህን ትወስዳለህ፣ ካርድህም አልተቀደደም።”

“አልፈርምም።”

ያን ጊዜ ሂሩት ከጆንያዎቹ አጠገብ ተነስታ መጣች። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አነበበች። ከጸሐፊው እስክሪብቶውን ወሰደችና ያቺን መስመር ሰረዘች፤ ከላይዋ ጻፈች፤ ሰጠችኝ። አሁንም ላምናት አልቻልኩም፤ ፊደል በፊደል ቆጠርኩት። “ተረጂ ይማም ያልወሰደውን ስንዴ ወስደሃል ተብሎ ተበድሏል። በዳይዋ እኔ ነኝ” ይላል፤ ከሥሩ ስሟንና ፊርማዋን አኑራለች።

ከሥሯ ስሜን ጻፍኩ። ቀኑን ጸሐፊው ትቶት ነበርና እሱንም ራሴ ጻፍኩት፤ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1977 ዓ.ም.